በለገሠ ክፍል ያልተለመደው ነገር

ነጋዴው ለገሠ በስደት በሚኖርበት በቤሪያ ሰፈር፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ሳል ይዞት ለብቻው በተገለለባት ክፍል ሞቶ ተገኘ። ፊቱ ቀልቷል፤ አስከሬኑን የመረመረችው ሐኪምም የገደለው የከሰል ጭስ መሆኑን ለፖሊስ ሳጅኑ ነገረችው። በክፍሉ ውስጥ ግን ከሰልም ማንደጃም አልነበረም። እሳቱን ያወጣ ሰው አለ ማለት ነው።

በዚያ የወረርሽኝ ዓመት፣ በብርዳማው ሰኔ፣ ወደ በሽተኛው በር የሚደርሱት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፦ አብሮት የሚኖረው የአጎቱ ልጅ ብዙነህ፣ ጎረቤቱ በለጥሽ፣ የሱቅ ሸሪኩ ጣሃ። ሳጅኑ የጠረጠረው ጣሃን ነው፤ በዋዜማው ምሽት በሩ ላይ የታየው እሱ ነበርና። የሦስቱን ቃል ወደ እንግሊዝኛ እንዲመልሱ የተጠሩት ወይዘሮ የአለምወርቅ በፍርድ ቤት አስተርጓሚነት ያረጁ ሴት ናቸው።

በለጥሽ የጣሃ ሁኔታ ያን ምሽት «ያልተለመደ» ነበር ብላለች። ሳጅኑ «ስትሬንጅ» ይበለው፣ «አንዩዥዋል» ወይስ «ሰስፒሽየስ» ሲል ጠየቃቸው። አጠራጣሪ የሚለው የመጨረሻው ቃል ከተጻፈ ጣሃ በዚያው ቀን ይታሰራል፤ የጥገኝነት ወረቀቱም ያከትምለታል።

«የተለመደውን ሳላውቅ ላልተለመደው ቃል አልመርጥም» አሉ ወይዘሮ የአለምወርቅ።

ስለዚህ የተለመደውን ጠየቁ። ጣሃ ማታ ማታ ሾርባ አምጥቶ የበሩ እጀታ ላይ ያንጠለጥላል፤ ከዚያም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ በተዘጋው በር በኩል ከሸሪኩ ጋር ይጫወታል። ያን ምሽት ግን መልስ አጣ፤ ተኝቷል ብሎ ሄደ።

«ቀድሞ መሄዱ ነው የገረመኝ» አለች በለጥሽ። «ሌላ ጊዜ ሳቃቸው መች ያስተኛኛል?»

ወይዘሮ የአለምወርቅ ክፍሉን ዞረው አዩ። የመስኮቱ መስታወት ላይ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተለጥፎ ደርቋል። በረንዳው ላይ ያለው የከሰል ማንደጃ ደግሞ እንደ አዲስ ያበራል። ያጠበው ብዙነህ እንደሆነ በለጥሽን ጠየቋት።

«ብዙነህ? የጠጣበትን ብርጭቆ እንኳ አያጥብም፣ እትዬ። ማንደጃማ አመዱ ይራገፋል እንጂ ማን ያጥበዋል?»

ሁሉም ኮሪደሩ ላይ ተራርቀው ቆሙ። ወይዘሮዋ በሁለቱም ቋንቋ በዝግታ አስረዱ። ቅጠሉ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው በእንፋሎት ነው፤ ስለዚህ እሳቱ የገባው በሽተኛውን ለማጠን ነው። ሰው ለመግደል ያሰበ ቅጠል አያፈላም። ማንደጃው የታጠበው የገነፈለውን የቅጠል ውኃ ምልክት ለማጥፋት ነው።

«ጠዋት በሩ ሲከፈት» አሉ ወደ ብዙነህ ዞረው፣ «ጣሃ ወደ ለገሠ ሮጠ። አንተ ግን መስኮቱን ልትከፍት ነው የሮጥከው፤ ራሱ ጣሃ ነግሮኛል። ስለ ጭሱ ገና ማንም አልተናገረም ነበር። ታዲያ ካንተ በቀር ማን ያውቅ ነበር?»

ብዙነህ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተ።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምታጥነን። የእኛ ቤት ግን የሣር ነው፣ ነፋስ ያስገባል። ይሄ ፎቅ ትንፋሽ የለውም፤ አላወቅሁም፣ እትዬ። ‹ትንሽ አጠገቤ ተቀመጥ› ብሎኝ ነበር። በሽታውን ፈርቼ ዘግቼበት ወጣሁ። ስመለስ...»

ሳጅኑ በጣሃ ስም ፊት «አንዩዥዋል»፣ ያልተለመደ ብቻ፣ ብሎ ጻፈና መሄድ እንደሚችል ነገረው፤ ብዙነህን ግን ወደ ጣቢያ እንዲከተለው አዘዘው። ብዙነህ ሲነሣ ሳል ያዘው። በለጥሽ ወደ በሯ አፈገፈገች።

ጣሃ ጭምብሉን ወደ አፍንጫው ከፍ አድርጎ ከጎኑ ቆመ።

«ና፣ እኔም እወርዳለሁ» አለው። «ተጠይቀህ እስክትጨርስ ደጅ እጠብቅሃለሁ።»