ቆርቆሮው ዝም ያለ ሰሞን

«ምን ይላል?»

ወንድሟ ይህን ሲጠይቃት ከጠዋት ጀምሮ ስድስተኛ ጊዜው ነው። ወንበሩን አስጠግቶ ጎኗ ተቀምጧል፤ ጆሮውን ወደ ኮምፒውተሩ ድምፅ ማጉያ አዘንብሏል።

ስክሪኑ ላይ የተጻፈው አጭር ነው፤ ይህ ፕሮግራም በዚህ ሲስተም ላይ አይሠራም።

«እየጫነ ነው፣ ጋሽዬ» አለችው።

ዓይኑ ለማያይ ሰው መዋሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን ያወቀችው በዚህ ሳምንት ነው። ፊትን ማሳመር አያስፈልግም፤ ድምፅ ካልተንቀጠቀጠ ይበቃል። እሷ ደግሞ በአሥራ አራት ዓመቷ ድምፅዋን ማዘዝ ለምዳለች።

ወንድሟ ዓይኑን ያጣው ገና በልጅነቱ ነው። ኮምፒውተሩን የሚያነብለት አንድ ያረጀ ፕሮግራም ነበረው። ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በደረቅ ድምፅ ስለሚለፈልፍለት «ቆርቆሮው» ይለው ነበር። «ቆርቆሮው አያሽሞነሙንም፤ ያለውን ይነግረኛል» እያለ ይኮራበታል። እናታቸው ግን «ኧረ ያንን ለፍላፊ ጓደኛህን ዝም አሰኘው፣ ራሴን አዞረው» ሳትል የዋለችበት ቀን የለም።

እሑድ ዕለት ወንድሟ ፀጉሩን ሊቆረጥ ወጣ ሲል፣ እሷ ለክፍል ሥራ ቪዲዮ ልታቀናብር ተቀመጠች። ጓደኞቿ «የእናንተ ኮምፒውተርማ ሙዚየም ነው» ብለው ስቀውባት ነበር። የቪዲዮው ፕሮግራም አዲሱ ሲስተም ካልተጫነ አልከፈትም አለ። ጫነች። የኮምፒውተሩ ቦታ ሲጠባት ደግሞ አንድ ግዙፍ ፎልደር አገኘችና አጠፋችው። ወደ ድሮው ሲስተም መመለሻው እሱ እንደነበር የገባት ሰኞ ነው፤ የፈሰሰ ውኃ ደግሞ አይታፈስም።

አዲሱ ሲስተም ላይ ቆርቆሮው ዝም ስላለ፣ ከዚያ ወዲህ የድሮ ፋይሉን ከፍላሽ እየገለበጠች ትጭናለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጭናለች። ፕሮግራሙ የድሮው ሲስተም ላይ እንዳለ ሆኖ እንዲከፈት የሚያደርገውን ምርጫ ሞከረች። ትናንት እንዲያውም ጭነቱ እስከ መጨረሻው ሄደና ቆርቆሮው ግማሽ ቃል ተንፍሶ ጸጥ አለ። ወንድሟ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ ነበር። ቆሞ ጠበቀ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ወንበሩን በእጁ ፈልጎ ተቀመጠ።

ሁለት ዓመት ሥራ ሲፈልግ ከርሞ፣ አንድ ቢሮ የስብሰባ የድምፅ ቅጂ እየሰማ ወደ ጽሑፍ እንዲለውጥ የሙከራ ሥራ ሰጥቶታል። ማስረከቢያው ሐሙስ ቀትር ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው።

«አንተ እየሰማህ ንገረኝ፣ እኔ ልጻፍልህ» ብላው ነበር።

«የሚፈተነው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?» አላት።

አሁን ስልኩን አወጣና ቆርቆሮውን ለጫነለት ቴክኒሻን ደወለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቆርቆሮው ግማሽ ቃል ተንፍሶ ጸጥ ማለቱን ነገረው።

«ወንድሜ፣ ሲስተሙ ተሻሽሎ ነው፤ የድሮው ፕሮግራም አዲሱ ላይ አይሄድም» አለ ቴክኒሻኑ። «አትልፋ። ሌላ አንባቢ አለ፣ ልጭንልህ እችላለሁ፤ ግን ትእዛዞቹ ሌላ ናቸው። እስክትለምደው አንድ ወር ይፈጅብሃል። ለመሆኑ ማነው ያሻሻለው?»

ወንድሟ ትንሽ አሰበ። «እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሳላውቅ የሆነ ቁልፍ ነክቼ ይሆናል።»

ስልኩን ዘጋና ወደ እሷ ዞረ። «እየጫነ ነው አላልሽኝም፣ ጩጬ?»

«እየጫነ ነበር… ከዚያ ቆመ።»

እናታቸው የታጠበ ሸሚዝ እንደያዘች በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «እኔስ ምን አልኩህ?» አለች። «የማታየውን አትነካካ አላልኩህም?»

ክፋት ኖሯት አይደለም፤ ስለደከማት ነው። ወንድሟ ግን ፈገግ አለ፤ ፈገግታው ወደ አንድ ወገን ብቻ የሄደ ነበር። «ልክ ነሽ፣ እማዬ» አለ። ልጅቷ «ልክ አይደለሽም» ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

«በይ ለቢሮው ጻፊልኝ» አላት ወንድሟ። «ኮምፒውተሬን በራሴ ስህተት ስላበላሸሁ ሥራውን በቀኑ ማድረስ አልቻልኩም። ሥራው ከአቅሜ በላይ መሆኑን ስለተረዳሁ ለሌላ ሰው ይሰጥልኝ። አበቃ።»

«ለሌላ ሰው?»

«የነገርኩሽን ጻፊ።»

«ኮምፒውተሬን» ብላ ጻፈችና ቆመች። ቀጥሎ ያለውን ቃል ጣቷ እምቢ አለ። የጻፈችውን አጥፍታ እንደገና ጀመረች። መስመሩ እሱ ካላት በላይ ረዘመ፤ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። እናቷ ካለችበት ሆና ስክሪኑ አይታያትም።

«ምነው፣ መጽሐፍ አደረግሽው?» አለ ወንድሟ። «እስቲ አንብቢልኝ።»

እሱ ያላትን ቃል በቃል ብትደግምለት ማንም አያውቅባትም። ያላትን አንድም ቃል ሳይቀር በቃሏ ይዛዋለች። ዓይኗን ግን ከመጀመሪያው ቃል ላይ አልነቀለችም።

«ኮምፒውተሩን ያበላሸሁት እኔ እህቱ ነኝ» ብላ አነበበች። «እሑድ ዕለት እሱ በሌለበት፣ ሳላስፈቅደው ነው።»

ሸሚዙን የያዘው የእናቷ እጅ ወረደ። የወንድሟ ፈገግታ ጠፍቷል። እንድታቆም ይነግራት እንደሆነ ጥቂት ጠበቀች።

ከዚያ ሁለተኛውን መስመር ማንበብ ቀጠለች።