ሰኞ የቀሩት ሁሉ

«እጃችሁን ዘርጉ!» አሉ መምህር ፊሊጶስ።

ሰኞ የሂሳብ ፈተና ሲሰጥ የቀሩት ተማሪዎች ሰሌዳው ፊት ተሰልፈዋል። መምህሩ የእያንዳንዱን ጣት አዩ። የሁሉም ጠቁሯል። ኢዲዶ መንደር ውስጥ የቡና ለቀማ ወቅት ሲደርስ የእሸት ቡና ጭማቂ ጣት ላይ ይጣበቅና በሳሙና ቢያሹት አይለቅም። ስለዚህ ምርመራው ቶሎ አለቀ።

«ሰኞ የቀራችሁት ሁሉ ቡና ለቀማ ነው የሄዳችሁት» አሉ። «ፈተና ትቶ ለቀማ የሄደ ደግሞ ዜሮ ነው። ጨርሻለሁ!»

ከተሰለፉት መካከል ሩሃማ አለች። እሷ ሰኞ አንዲት ፍሬ አልለቀመችም። ጣቷ የጠቆረው ቅዳሜ የራሳቸውን ጓሮ ስትለቅም ነው። ሰኞማ ትንሹን ወንድሟን ሲሞንን ትኩሳት ያዘው። እናቷ ነፍሰ ጡር ስለሆነች ልታዝለው አልቻለችም። ስለዚህ ሩሃማ አዝላው አብረው ጤና ጣቢያ ዋሉ። ይህን መናገር ሲገባት ዝም ብላ ቆማ ቀረች። በራሷ በጣም ተናደደች።

ከክፍል ሲወጡ ቤቴል እጇን ይዛ ወደ አጥሩ ጎተተቻት። ቤቴል የልብ ጓደኛዋ ናት። ሰኞ ደግሞ በእርግጥ ለቀማ ሄዳለች። የአጎቷ ቡና ከመጠን በላይ በስሎ እየረገፈ ነበር።

«ስሚ ፍሬንድ፣ ነገ ‹ማናችንም አልለቀምንም› በያቸው። እኔና አንቺ ጤና ጣቢያ ነበርን። አንቺን ያምኑሻል።»

«ውሸት እኮ ነው ቤቴል።»

«ግማሹ እውነት አይደል? ምን አካበድሽው!»

ሩሃማ ማታ ለታላቅ ወንድሟ ለአሌክስ ደወለች። አሌክስ ዲላ ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ነው። በማግስቱ የሎጂክ ፈተና ስላለበት ያገኘውን ሰው ሁሉ ያስተምራል፤ የግቢው ዘበኛ እንኳን አልተረፈም። ነገሩን ስትነግረው በደስታ ጮኸ።

«አንደኛ፣ ለቃሚ ሁሉ ጣቱ ይጠቁራል፤ ልክ ነው። ግን ጣቱ የጠቆረ ሁሉ ሰኞ ለቀማ ነበር ማለት አይደለም። ሰውዬው ዓረፍተ ነገሩን ገልብጠውታል።»

«እሺ ፕሮፌሰር። ሁለተኛስ?»

«ሁለተኛ፣ ‹ሁሉም ለቅመዋል› የሚለውን ለማፍረስ ‹ማንም አልለቀመም› ማለት የለብሽም። ሁለቱም ባንዴ ውሸት ሊሆኑ ይችላሉ። ‹አንዳንዱ አልለቀመም› ካልሽ በቂ ነው። ለዚያ ደግሞ አንድ ሰው ይበቃል። አንቺ አለሽ።»

ሩሃማ ቀለል አላት። ቀኑን ሙሉ ራሷንና ቤቴልን እንዴት እንደምታድን ስታስብ ጭንቅላቷ ዞሮ ነበር። አሁን የሚፈለግባት ስለ ራሷ እውነቱን መናገር ብቻ ሆነ።

«ቤቴልስ ግን?» አለች።

«እሱ ሎጂክ ፈተና ላይ አይመጣም» አላት አሌክስ።

ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ለቤቴል ነገረቻት። «ስለ ራሴ ብቻ ነው የምናገረው። አላጋልጥሽም፤ ግን አልዋሽልሽም።»

«ሼም ነው!» አለች ቤቴልና ጥላት ገባች።

መምህር ፊሊጶስ ሲገቡ ሩሃማ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ሰኞ የቀርነው ሁሉ ለቀማ አልሄድንም።»

«ማንም አልሄደም ነው የምትዪኝ?»

«አይ ቲቸር። አንዳንዶቻችን አልሄድንም ማለቴ ነው። ቢያንስ እኔ አልሄድኩም። ጣቴ የጠቆረው ቅዳሜ ነው፤ ሰኞ ወንድሜን አዝዬ ጤና ጣቢያ ነበርኩ። እናቴን ይጠይቋት።»

መምህሩ እዚያው ደወሉ። የእናቷ ድምፅ እስከ ኋላ ወንበር ተሰማ። «ልጄ ወገቧ እስኪቆረጥ ተሸክማ፣ ጭራሽ ዜሮ?» ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህር ፊሊጶስም ስልኩን ከጆሮአቸው አርቀው ሳቁ።

«‹ሁሉም› ማለቴ ስህተት ነው» አሉ። «ይቅርታ ሩሃማ፣ ነገ ትፈተኛለሽ።»

ሩሃማ እፎይ ብላ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ የደስታ ነው።

«ሌሎቹስ?» አሉ መምህሩ ወደ እሷ እያዩ።

«ስለ ሌሎቹ እኔ አልናገርም ቲቸር።»

ከኋላ ወንበር ተንቋቋና ቤቴል ቆመች።

«እኔ ሄጃለሁ» አለች። «የአጎቴ ቡና እየረገፈ ነበር። እሱ ደግሞ እግሩ ተሰብሮ ተኝቷል።»

መምህር ፊሊጶስ ጠመኔውን በጣታቸው እያሽከረከሩ አሰቡ። የለቃሚ ልጅ ናቸው፤ የሚረግፍ ቡና ምን እንደሆነ ያውቃሉ።

«አንቺም ነገ ትፈተኛለሽ። ከሃያው ግን አምስት ነጥብ እቀንስብሻለሁ» አሉ። «ሌሎቻችሁም ከትምህርት በኋላ እየመጣችሁ እውነቱን ንገሩኝ።»

ቤቴል ስትቀመጥ ፊቷ ሲፈታ ሩሃማ አየች። ከዜሮ አምልጣለች።

ከትምህርት በኋላ ቤቴል ፈጠን ፈጠን እያለች ስትሄድ ሩሃማ ሮጣ ደረሰችባት።

«አሁንም ተናድጄብሻለሁ» አለች ቤቴል ሳትዞር።

«እሺ።»

«ትንሽ ብቻ።»

«እሺ። ወደ ቤት ነሽ?»

«የምን ቤት! ገና ግማሹ አልተለቀመም። ሳይመሽ መድረስ አለብኝ። ማታ ደግሞ ለፈተናው አጠናለሁ።»

የሩሃማ ቤት በስተግራ፣ የቤቴል አጎት ቡና ደግሞ በስተቀኝ ነው። እሷም ለነገው ማጥናት አለባት። መንታው መንገድ ላይ ሲደርሱ ቦርሳዋን ወደ ጀርባዋ ገፋ አደረገችና ቤቴልን ተከትላ ወደ ቀኝ ታጠፈች።