ላብ ያልነካው ሸሚዝ

በገንዳ ውሃ ከተማ፣ በነርስ ሐሚዳ ክሊኒክ በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ድንጋይ ይዞ ነበር። ውስጥ የሰሊጥ አጫጁ የዘሩ ሬሳ ተጋድሟል። ባለፈው አጨዳ ጓደኛው ጀይሉ ከጠፋ ወዲህ ዘሩን እንቅልፍ ርቆት፣ ሐሚዳ ራእይ የሚያሳይ እንጉዳይ በሐኪም ፈቃድ እየመጠነች ታክመው ነበር። ትናንት እንጉዳዩን ወስዶ እዚያው ክሊኒክ አደረ፤ ዛሬ እርሻ ላይ አብዶ ሞተ። ለተሰበሰበው ሰው ሌላ ማስረጃ አላስፈለገውም።

ኢንስፔክተር ውባንች ሳያይ የሚፈርድ ሰው አትወድም። የሬሳው ቆዳ ደርቆ ቀልቷል፤ ምላሱ ከላንቃው ተጣብቋል። ሸሚዙን አገላብጣ አየች።

አጫጆቹን የሚያዘው የእርሻው ወኪል ደረበ፣ ዘሩን በላብ ተጠምቆ ሲንቀጠቀጥ እንዳየው ማለ። የሟቹ ወንድም ሸጋው ደግሞ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ደረበ ለዘሩ አንድ ጣሳ የከርከዴ ሻይ እንደሰጠው ተናገረ።

«ቀምሶ ነው የሰጠው?» አለችው ውባንች።

«አይ፣ እንዲያው ነው ያቀበለው። እኔም ገርሞኝ ነበር።»

ሐሚዳም ደረበ ትናንት መጥቶ ዘሩ ምን እንደተናገረ ሲጠይቃት እንዳባረረችው ለውባንች ነገረቻት።

ከሰዓት በኋላ ውባንች ሁሉንም ሬሳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ሸሚዛችሁን ተመልከቱ» አለች። «የሁላችሁም ጀርባ በላብ ጨው ነጥቷል። ዘሩም ግማሽ ቀን በዚህ ንዳድ አጭዷል፤ ሸሚዙ ግን ጠዋት እንደለበሰው ነው። እንጉዳዩ ላብ አያደርቅም፤ ኃይሉም ትናንትናውኑ አልቋል። ላብ አድርቆ የሚያሳብደው በሰሊጡ መሃል የሚበቅለው አስተናግር የሚባለው መርዘኛ አረም ነው። አቶ ደረበ፣ ያላላበውን ሰው በላብ ተጠምቆ አየሁ ብለው ዋሹ። የሚያጠጣ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል፤ እርስዎ አልቀመሱም። ከድንኳንዎ ያመጣነው የከርከዴው ቴርሞስ ይኸው፤ የአስተናግሩ ፍሬ ከሥሩ ዘቅጧል።»

ደረበ ቴርሞሱን አየና አንገቱን ደፋ። «ዘሩ ጀይሉን ስገድል አይቷል» አለ። «ይቺ ሴት አፉን ልትከፍተው ነበር።»

ሐሚዳ የሕክምና ደብተሯን ገለጠች። «ትናንት የተናገረው ይህንን ነው፦ ‹ጀይሉን አላስጣልኩትም። ደረበ ግን ልጆች አሉት፤ አልናገርበትም።›»

ፖሊሶች ደረበን በካቴና አስረው ወሰዱት። ሰዎቹ ድንጋያቸውን ጣሉ፤ ይቅርታ የጠየቀ ግን የለም። ሸጋው ብቻ ከበሩ ተመለሰ።

«ዘሩን ትናንት እንቅልፍ ወስዶት ነበር?»

«ሌሊቱን ሙሉ» አለችው ሐሚዳ። ቀጥላ መጥረጊያዋን አንስታ ለሁሉም «አሁን ውጡልኝ» አለችና ድንጋዩን ከደጃፏ መጥረግ ጀመረች።