በታንከሩ ውስጥ ያለው ሽማግሌ

ይህ ከሰው የሰማሁት አይደለም። በገዛ መዳፌ የነካሁት ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንሥቼ ሳላይ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

ጊዜው ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ነበር፤ የጥር ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት።

ቦታው ከኬፕታውን ተራሮች ማዶ ነው። የአፕል እርሻ ሠራተኞች ከምንኖርባቸው ቤቶች የመጨረሻው... የእኛ ቤት።

ኤልሪኮ እባላለሁ። ከሰው ጋር ማውራት ብዙም አይሆንልኝም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። እንቁራሪት መያዝ ግን እችላለሁ።

ሥራዬም እሱው ነው። በእርሻው ጫፍ፣ በአሮጌው የአፕል መጋዘን ውስጥ፣ ዶክተር ሲፖካዚ የምትባል ሴት ውሃ ትመረምራለች። የምትመረምረው በዓሣና በእንቁራሪት ነው።

"መርዝ ሁሉ አይገድልም" ትለኛለች። "አንዳንዱ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ሰውነት ውስጥ ገብቶ እንደ ሆርሞን ያዛል። ወንዱን 'ሴት ሁን' ይለዋል። ሰውነትም የራሱ ትእዛዝ መስሎት ይሆናል። ይህን ቀድሞ የሚያሳየን ውሃ ውስጥ የሚኖር ፍጡር ነው።"

እኔ የምይዝላት ፕላታና የምንላትን እንቁራሪት ነው። ምላስ የላትም። የሸተተ የዶሮ ጉበት ስጥላት በሁለት እጇ ወደ አፏ ትጠቀጥቀዋለች። ቆዳዋን ስትቀይር ደግሞ እንደ ሹራብ ታወልቀውና ያንኑ ትበላዋለች።

የፊት እጇ አራት ጣት ነው ያለው። ይህን ያዙልኝ። አራት።

ወንዱ የሚለየው በክንዱ ነው። ለመራባት ሲደርስ ከመዳፉ እስከ ብብቱ ጥቁርና ሻካራ ይሆናል። ውሃ ውስጥ ሆኖም ሴቷን ይጠራል። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

በእኛ ሰፈር በየደጁ ባለው የሲሚንቶ የመጠጥ ውሃ ታንከር ውስጥ አንድ ፕላታና መጣል ልማድ ነው። ትሉን ይለቅማል። እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ውሃው ደህና ነው ይባላል።

የእኛን የጣለችው አክስቴ ድሪካ ናት፤ እኔ በተወለድኩበት ዓመት። ስሙንም "ሽማግሌው" አለችው። እንደ ቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ዝም ብሎ ሁሉን ያያል ብላ። ጠቅታው በቧንቧው በኩል ወጥ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። እኔም እህቴ ሊዜልም እሱን እየሰማን ነው ያደግነው።

ሊዜል እርጉዝ ናት። ሁለት ጊዜ ጨንግፎባታል። ይህኛው ሰባተኛ ወሩን ይዟል። በቤታችን ድምፃችንን ከፍ አድርገን አናወራም... ልጁ እንዳይደነግጥ።

ዶክተር ለማነጻጸሪያ ንጹሕ ውሃ ስትፈልግ የእኛን ታንከር መረጠች። ከተራራው የሚወርድ ነው። ጀርሙም ጨውም ተመርምሮ ደህና ተብሏል። ስለዚህ በመጋዘኑ አንድ የመስታወት ሳጥን የእርሻውን ግድብ ውሃ ያዘ፣ አንዱ የወንዙን፣ አንዱ የእኛን፤ በየሳጥኑም ፕላታና ጨመርኩ።

የዚያን ቀን ውሃ ልቀዳ ስመጣ ሊዜል ደጃፍ ላይ ቆማ ትተፋለች።

"ምን ሆንሽ?"

"እኔ እንጃ። ከጆጉ ስጠጣ አንድ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተለጠፈ።"

ጆጉን አየሁት። ከታች ውሃ የጠጣ ተልባ የመሰለ ነገር ተኝቷል። በእያንዳንዱ ፍሬ መሐል ጥቁር ነጥብ አለ። ጣቴን ሰደድኩ። ከጣቴ ጋር አብሮ ተነሣ... ተጎተተ... ተጎተተ... አልበጠስ አለ።

የእንቁራሪት እንቁላል ነው።

እህቴ ይህን ውጣለች።

አክስቴ ድሪካ ግን ፊቷ በራ።

"እሰይ" አለች ቀስ ብላ። "በእናቴ ጊዜ ሆስፒታል እርግዝና በምን ነበር የሚታወቀው? የሴቲቱን ሽንት ለፕላታና ይወጓታል። እንቁላል ከጣለች ሴቲቱ ፀንሳለች ማለት ነው። ሽማግሌው መስክሯል። ይህኛው ልጅ ይጸናል።"

"አክስቴ... ሽማግሌው እኮ ወንድ ነው።"

"አንተ ደግሞ። ሴት አጠገብ መቀመጥ የሚያፍር ልጅ ወንድና ሴት መለየት የት ተማረ?"

ሊዜል ሳቀች። እኔ አፈርኩ።

ግን ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለኝ... ሽማግሌው ጠቅ ማለት ካቆመ ወራት አልፈዋል። ማናችንም ልብ አላልንም ነበር።

ወደ መጋዘኑ በሩጫ ሄድኩ። ዶክተር በእኛ ውሃ ሳጥን ላይ አጎንብሳለች። ቀና አላለችም።

"ና። አንዱን አውጣና ክንዱን ዳስሰው።"

ዳሰስኩት። እዚያ ውስጥ የጨመርኩት ወንዶችን ብቻ ነው፤ መርጬ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ጥቁሩ ጠፍቷል። ሻካራው ጠፍቷል። ክንዱ እንደ ከንፈር ውስጥ ለስልሷል።

"የግድቡስ?" አልኩ።

"ደህና ናቸው።"

"የወንዙስ?"

"እነሱም።" ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ኤልሪኮ... ይህን ውሃ ማነው የሚጠጣው?"

የግድቡን ውሃ ፀረ ተባይ ይገባበታል ብለን ለውሻ እንኳን አንሰጥም ነበር።

"እኛ" አልኩ። "አክስቴ። እኔ። እህቴ... እርጉዝ ናት።"

ጃኬቴን ሰበሰብኩ። በዚያ ሙቀት ጃኬት ለብሼ ነበር። ከጡቴ ጫፍ ሥር ባቄላ የሚያክል እብጠት ካወጣሁ ሰንብቻለሁ። ሲነካ ያመኛል፤ አንዳንዴም ሸሚዙን ያረጥበዋል። ለማንም አልተናገርኩም።

ዶክተር ጃኬቴን አየች። ከዚያ ፊቴን አየች።

አብረን ወደ ቤት መጣን። የታንከሩን ክዳን ሳነሣ የኮመጠጠ ወተት ሽታ ፊቴን መታኝ። እስከ ብብቴ እጄን ከተትኩ። ፕላታና ሲነካ ይሸሻል። ሽማግሌው ግን ራሱ መጥቶ መዳፌ ላይ ተቀመጠ።

ከበደኝ። አወጣሁት።

አንደኛው ክንዱ ጥቁርና ሻካራ ነው። ሌላኛው ልሙጥ። ግማሽ ቆዳው ከጀርባው ተገፍፎ አፉ ውስጥ ገብቷል። እያየኝ ያላምጣል። ሆዱ ተነፍቶ ወደ ግራና ቀኝ ይንጠለጠላል። እንዳያመልጠኝ ትንሽ ጨበጥ ሳደርገው... ወጣ።

ለብ ያለ፣ የተያያዘ፣ ልጋግ የመሰለ ነገር በጣቶቼ መሐል መፍሰስ ጀመረ። አያልቅም። በእጅጌዬ ውስጥ ገብቶ እስከ ክርኔ ወረደ።

"እንዳትለቀው" አለች ዶክተር በሹክሹክታ።

አልለቀቅኩትም። ወደ ጎን ዞሬ አስመለስኩ። እሱ በእጄ ውስጥ እንዳለ።

መጋዘን ወስዳ በማደንዘዣ አስተኛችውና ከፈተችው። የወንድ ዘር ፍሬው በቦታው ነበር። በዙሪያውና በውስጡ ግን እንቁላል ታጭቋል። በመቀሱ ጫፍ ስትነካው እየፈረጠ ጠረጴዛውን አለበሰው።

"ሁለቱንም ሆኗል" አለች። ከዚያም የመስታወት ብልቃጥ ውስጥ ከተተችው፤ እንዳይበሰብስ መድኃኒት ሞላችበት፤ ክዳኑን አጥብቃ ዘጋች። "ከየት እንደሚመጣ ገና አላውቅም። ታንከሩ ዛሬውኑ ይደፋ። እህትህ ጠብታ እንዳትቀምስ።"

ታንከሩን ልንደፋ ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ ቧንቧው ፊት ቆመች።

"ምስክሩን ገደላችሁት። አሁን ደግሞ ውሃውን? ሁለቱ ሲጨነግፉ ማን ደረሰልን? ሽማግሌው ነው የጸለየላት።"

"እማማ" አለች ዶክተር፣ "ስለ ልጁ ብዬ ነው።"

"እኔስ ስለ ማን ነው?"

ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ አክስቴ ድንገት ረጋች። "እንግዲህ ዕቃዬን ልጠብበትና ከዚያ ድፉት" ብላ ባልዲዋን ሞልታ ገባች። እኔም ከልቧ መስሎኝ ደስ አለኝ።

ውሃው ፈሶ አለቀ። ታንከሩ ውስጥ ወርጄ ወለሉን መጥረግ ነበረብኝ።

ወለሉ አልታየኝም። በላዩ የተገፈፈ ቆዳ ተነባብሯል። እንደ ረጠበ የሽንኩርት ልጣጭ... ሽፋን በሽፋን። ስረግጠው ይንሸራተታል። ፕላታና ቆዳውን ይበላል ብያችኋለሁ። ታዲያ ይህን ሁሉ ለማን ነው ያስቀመጠው?

ዶክተር ከላይ ሆና አንዱን በወረንጦ ተቀበለችኝ። ወደ ፀሐይ አነሣችው። የእጅ ቆዳ ነው፤ ሳይቀደድ እንደ ጓንት የወለቀ። የጥፍር ያህል ትንሽ።

ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ጣቶቹን ትቆጥራለች። ጨረሰች። እንደገና ጀመረች።

"ምንድን ነው?" አልኳት።

ወረንጦውን ዝቅ አድርጋ አሳየችኝ።

አምስት።



በማግስቱ፣ በዚያው በስምንት ሰዓት፣ ዶክተር ከከተማ ያስመጣችውን የታሸገ ውሃ ተሸክሜ መጣሁ። አክስቴ ቤት ውስጥ ትዘምራለች። ሊዜል ታንከሩ ጥላ ሥር ተቀምጣ ጀርባዋን ለደረቀው ሲሚንቶ ሰጥታለች።

"ና ቶሎ፣ እየተንቀሳቀሰ ነው" አለችኝ።

"ተይ ሊዜል..."

"ምን ያሳፍርሃል? አጎቱ አይደለህ እንዴ?"

እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አሳረፈችው።

በዚያ ፀሐይ ሆዷ ቀዝቃዛ ነበር። እንደ ታንከሩ ግድግዳ።

ርግጫ ጠበቅኩ።

ርግጫ አልመጣም።

ጠቅ...

ጠቅ... ጠቅ...

የደረቀው ቧንቧ መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁት። ሽማግሌው መጋዘን ውስጥ፣ ብልቃጥ ውስጥ፣ ተከፍቶ ተኝቷል። ድምፁ ግን በመዳፌ ውስጥ ነው የሚያልፈው።

"ትሰማዋለህ?" አለችኝ በሹክሹክታ። ፈገግ ብላለች። "ሲጠማው ነው እንዲህ የሚለው።"

ከጀርባዋ እጇን ሰዳ ጠርሙስ አወጣች። የአክስቴን ጠርሙስ አወቅኩት፤ ትናንት በባልዲ የቀዳችው ውሃ ነው። ሲሚንቶው ጥላ ውስጥ ሌሎችም ተደርድረዋል፤ ሁሉም እስከ አፋቸው ሙሉ።

ከጠርሙሱ ታች ተልባ የመሰለው ነገር ተኝቷል። ጥቁሮቹ ነጥቦች ቀስ እያሉ ዞሩ። ወደ እኔ አይደለም... ወደ ሆዷ።

"ሊዜል፣ አትጠጪ" አልኳት። ጠርሙሱን ልነጥቃት ስል እጄ ከሆዷ አልላቀቅ አለ።

አፏ ላይ ደፍታ እስከ መጨረሻው ጠጣችው።

ጠቅታው ቆመ።

ከዚያም ከመዳፌ ሥር... አንድ ነገር ዋጠ።