ቅዳሜ ይመጣሉ

«ቅዳሜ አይደል እንዴ ዛሬ?» አሉ አባባ፣ ኮታቸውን እስከ ላይኛው ቁልፍ ድረስ ቆልፈው በር ላይ ካለው ወንበር እንደተቀመጡ። «ታዲያ ምን ያስሮጥሻል? ነይ ይቺን ኮሌታ አስተካክዪልኝ። አሮጊቷ ስትመጣ ተዝረክርኬ እንዳታገኘኝ።»

የልጅ ልጃቸው የኮምፒውተር ክለብ ረፍዶባት ልትወጣ ነበር፤ ቆመች። ቀጮ ነው የሚሏት። ጓደኞቿ ያወጡላት ስም ሲሆን እያደር ቤት ድረስ ገብቶ እናቷም በዚያው ትጠራታለች። ኮሌታውን አስተካከለችላቸው። አሮጊቷ የሚሏቸው ሚስታቸው፣ የእሷ አያት እማማ፣ ባለፈው ክረምት ሞተዋል። ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር ግን ቅዳሜ በሆነ ቦታ ሁሉ «እማማ ይመጣሉ» የሚል በትልልቅ ፊደል ታትሟል። ያተመችው ደግሞ ራሷ ቀጮ ናት።

ነገሩ በቅንነት ነው የተጀመረው፣ ምን ያደርጋል። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ የአውቶቡስ መናኸሪያ ተቆጣጣሪ ነበሩ። የትኛው አውቶቡስ መቼ እንደሚነሳ ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉት እሳቸው ናቸው። ተሳፋሪ ቢለምን፣ ሹፌር ቢነዘንዝ፣ «ሰሌዳ ላይ ካለ አለ፣ ከሌለ የለም» ነበር መልሳቸው። መርሳት ሲጀምራቸው መጀመሪያ የጠፋባቸው ቀኑ ነው። ሰኞ ነው ሲሏቸው «ማን አለ?» ብለው ድርቅ ይላሉ። ወረቀት ላይ ሲያዩት ግን ይቀበላሉ።

ቀጮ በክለቡ ካላንደር የሚሠራ ላይብረሪ ተምራ ነበር። ሌሎች አስቀድመው የጻፉት ዝግጁ ኮድ ነው፤ ዓመቱንና ወሩን ሲነግሩት ቀኖቹን በየረድፋቸው አሰልፎ ቁጭ ያደርጋል። ሳምንቱን ከሰኞ ይጀምራል፤ የመናኸሪያው ሰሌዳ ከእሑድ ይጀምር ስለነበር በአንዲት መስመር ቀየረችው። ፊደሉን አጎላች፣ ክኒን የሚወሰድበትን፣ ፀጉር የሚቆረጡበትን ቀን ከየቁጥሩ ሥር እንዲጽፍ አደረገች። አባባ ተጠግተው፣ ራቅ ብለው አዩትና «ይሄን የሠራ ሰው ሥራ ያውቃል» አሉ። ሳምንቱን ሙሉ ስትንጠባረር ከረመች።

የእማማን ነገር ግን ማንም መላ አላገኘለትም። «አሮጊቷ የት ሄደች?» ይላሉ። ሲነገራቸው መርዶውን ሁሌ እንደ አዲስ ነው የሚሰሙት። ያለቅሳሉ፣ ይረሱታል፣ መልሰው ይጠይቃሉ። አንድ ቀን እናቷ ከምሳ በፊት ሁለቴ አረዳቻቸውና ጓዳ ገብታ በሩን ዘጋች። ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል።

«አባቴን በየቀኑ ማርዳት አልችልም» አለቻት። «እዚያ ካላንደርሽ ላይ እማማ ቅዳሜ ይመጣሉ ብለሽ ጻፊላቸው። እሱን ያምናሉ።»

ቀኑ ቅዳሜ ከሆነ ይህን ጻፍ፤ ለኮዱ ከዚህ ያለፈ ሥራ አልነበረም። ቅዳሜ እስኪደርስ ይረሱታል ብለው ነው እናትና ልጅ። እውነትም ከእሑድ እስከ ዓርብ አባባ ወረቀቱን እያዩ «እሺ፣ ቅዳሜ» እያሉ ቤቱ ሰላም አገኘ። እሳቸው ቢረሱ ወረቀቱ እንደማይረሳ ማንም ልብ አላለም። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ያነቡታል፣ ይለብሳሉ፣ በር ላይ ይቀመጣሉ።

ያን ቅዳሜም እስኪመሽ ተቀመጡ። ቀጮ ከክለብ ተመልሳ ምሳቸውን እዚያው ብታቀርብላቸው ሁለቴ ጎርሰው ተዉት። ማምሻውን ኮታቸውን ልታወልቅላቸው ጎንበስ ስትል እጇን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ሰሌዳ ላይ እያለ ካልመጣች ተቀይማኛለች ማለት ነው» አሉ። «ምን አድርጌያት ይሆን? ላንቺ ትነግርሻለች፣ ንገሪኝ።»

ቀጮና እናቷ ሐዘናቸውን ያቀለሉላቸው መስሏቸው ነበር፤ ለካ አባባን ሚስቱ ጥላው የሄደች ሰው አድርገዋቸዋል። ቀጮ ሻወር ቤት ገብታ ውሃውን ከፍታ አለቀሰች።

ሰኞ ዕለት ለክለቡ ጓደኛዋ ነገረችው። ፕሮፍ ይሉታል፣ በመነጽሩ ምክንያት። «አቦ ቀላል ነው» አላት። የሚመጡበትን ቀን ቅዳሜ ላይ ከመቸከል፣ ኮዱ በየጠዋቱ ዛሬ ላይ አንድ ሳምንት እየደመረ አዲስ ወረቀት ያትም፤ ያ ቀን መቼም አይደርስም። እዚያው ጽፎ አሳያት፣ ይሠራል። ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም፣ የሒሳብ ጥያቄ መስሎት ነው። ቀጮ አመሰገነችው፤ ኮዱን ግን አልገለበጠችም።

እናቷ ይህን ስትሰማ ደስ አላት። ቀጮ አልፈልግም ስትላት ተቆጣች፤ ቀን ሙሉ አብረሻቸው የምትውዪው አንቺ አይደለሽም አለቻት። እውነቷን ነበር። ሐሙስ እናቷ ልብስ ስታጥፍ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ እማማ የጠሏቸው መስሏቸዋል እኮ አባባ። ከዚህስ መሞታቸውን ቢሰሙ ይሻላል።»

እናቷ ያነሳችውን ሸሚዝ አጥፋ አስቀመጠች። «ማን ይነግራቸዋል? እኔ አቅሙ የለኝም።»

«እኔ።»

«በየሳምንቱ?»

«በየሳምንቱ።»

ክለቡ ቅዳሜ ጠዋት መሆኑን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዳቸውም አላነሱትም።

ዓርብ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ኮዱን ከፍታ ያቺን መስመር አጠፋች። በምትኩ የምትጽፈው ግን ቶሎ አልመጣላትም። ጻፈች፣ ሰረዘች፣ ደግማ ጻፈች። በመጨረሻ አትማ አሮጌውን ወረቀት አወረደችና አዲሱን ሰቀለች።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ግድግዳው ፊት ቆሙ። በጣታቸው እየተከተሉ ጮክ ብለው አነበቡ፦ «እማማ ዐርፈዋል። ዛሬ ከልጅ ልጅዎ ጋር መቃብራቸው ድረስ ይሄዳሉ።» ደግመው አነበቡት።

«ሞተች?»

«አዎ አባባ። ባለፈው ክረምት፣ ታመው። እጃቸውን ይዘው አጠገባቸው የነበሩት እርስዎ ነዎት።»

እንደ ሕፃን አለቀሱ። ቀጮ ደግፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸውና እግራቸው ሥር ቁጭ ብላ አብራ አለቀሰች። እናቷ ከጓዳ አልወጣችም። አልቅሰው ሲወጣላቸው አባባ ዓይናቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ። የረሱት ብዙ ነው፤ ተቀይማኛለች የሚለው ስጋት ግን ከውስጣቸው አልወጣም ነበር።

«ታዲያ አልተቀየመችኝም?»

«በፍጹም። እስከ መጨረሻው ስምዎን ነበር የሚጠሩት።»

አባባ ቀና ብለው አዩዋት። ከረጅም ጊዜ ወዲህ እንዲህ ልብ ብለው አይተዋት አያውቁም።

«መንገዱን ታውቂዋለሽ?» አሏት።

«አውቀዋለሁ።»

ክንዳቸውን ይዛ በሩን ከፈተች። በሚቀጥለው ቅዳሜም ይህንኑ እንደ አዲስ ትነግራቸዋለች። ደረጃው ላይ እንዳይቸኩሉ ቀስ ብላ ወረደች።