ጦም ያላደረው መሬት

«እህቴ አልወደቀችም። ሰው ነው የገፋት።»

ነርሷ ይህን የተናገረችው መርማሪዋ ጠረጴዛ ፊት ነው። ታላቅ እህቷ፣ ሰፈሩ «እትዬ ብልጭ» እያለ የሚጠራት ፎቶ አንሺ፣ ክረምቱ አጋማሽ ላይ በሰፈሩ የጋራ አትክልት ቦታ ካለው የእንጨት ማማ ሥር ሞታ ተገኝታ ነበር። ፖሊስ ድንገተኛ አደጋ ነው ብሎ ፋይሉን ዘጋው። አሁን በጋ ገብቷል። ነርሷ ግን እየተመላለሰች የጣቢያውን ሰው ሁሉ መድረሻ አሳጥታለች።

«ስንት ጊዜ ይነገርሽ?» አለ የመርማሪዋ አለቃ በር ላይ ብቅ ብሎ። «የዓይን ምስክር አለ። ብቻዋን ነበረች።»

«እኔ ምስክሩን አልሰማሁትም» አለች መርማሪዋ ኮቷን እያነሳች።

«ፋይሉ ተዘግቷል እኮ!»

«ልከፍተው ነዋ።»

መንገድ ላይ ነርሷ ነገሩን አጫወተቻት። የአትክልት ማኅበሩ ሰብሳቢ «መሬቱ ለዓመታት ጦም አድሯል፤ የሚያለማው የለም» ብሎ ለማዘጋጃ ቤቱ አስረድቷል። ቦታው ለሕንፃ ሊሰጥ ነው።

«እህቴ ግን ከማማው ላይ ሆና፣ ከአንድ ጥግ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ፣ በየወቅቱ ታነሳዋለች። ሲዘራ፣ ሲያብብ፣ ሲለቀም፣ ሲታረም። ‹ፎቶዎቼን የማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ላይ እዘረጋለታለሁ፤ የቱ ጋ ጦም እንዳደረ በጣቱ ያሳየኝ› ብላኝ ነበር። በሳምንቱ ሞተች።»

«ፎቶዎቹስ?»

«ቤቷ ተሰብሮ ተወሰደ። ካሜራዋ አጠገቧ ተሰባብሮ ነው የተገኘው። ሚሞሪ ካርዱ የለም።»

መርማሪዋ ጣቢያው ያስቀመጠውን ካሜራ ዐይታው ነበር። መስተዋቱ ደቅቋል፤ የሚሞሪው ክዳን ግን ጥርቅም ብሎ እንደተዘጋ ነው። ወድቆ የተፈናጠረ ሚሞሪ ክዳኑን መልሶ አይዘጋም።

አትክልት ቦታው በአራት ማዕዘን ግንብ ታጥሯል። ሽንኩርቱና ቆስጣው በመደብ በመደብ ተዘርግቷል። መርማሪዋ መሰላሉን ይዛ ማማው ላይ ወጣች። ፊት ለፊቷ ቅጠሉን ያራገፈ ትልቅ ዛፍ ቆሟል። በተራቆቱት ቅርንጫፎች መሃል የማኅበሩ ቢሮ መስኮት ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስኮቱ ላይ ሰብሳቢው ቆሞ እጁን አወዛወዘላት።

ቢሮው ስትደርስ ወንበር ስቦ ጠበቃት። «አየሽኝ አይደል? እኔም እንደዚያው ነው ያየኋት።»

«እስቲ ያዩትን ይንገሩኝ።»

«ሻርፗን መደገፊያው ላይ ያለ ሚስማር ያዘባት። ላላቅቅ ብላ ጎንበስ ስትል ሸርተት አለች። ብቻዋን ነበረች። ምን ይደረግ፣ ቀኗ ነው።»

«ከዚያ ወረዱ?»

«ኧረ እኔ ሬሳ አይሆንልኝም! እዚሁ ሆኜ ፖሊስ ጠራሁ። ፖሊሶቹ እንደመጡም ይህንኑ ነገርኳቸው።»

መርማሪዋ አመስግናው በኋላ በር ወጣች። ደረጃው በቀጥታ የሚያወርደው አትክልቱ ውስጥ ነው።

የአትክልት ቦታውን ዘበኛ በር ላይ አገኘችው። መጀመሪያ ሬሳው ጋ የደረሰው እሱ ነው።

«ሻርፗ የት ነበር?» አለችው።

ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። «ፊቷ ላይ።»

«ማን አለበሳት?»

ኮፍያውን በእጁ አሽከረከረ።

«አባባ፣ ልወቅስዎት አልመጣሁም።»

«እኔ ነኝ። ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ወጥቼ አወረድኩና ሸፈንኳት። እንዲያ ተዘርግታ ሰው እንዲያያት አልፈለግኩም። በኋላ ‹ለምን ነካህ› እንዳልባል ብዬ ለማንም አልተነፈስኩም።»

«ከእርስዎ በፊት ሚስማሩ ላይ ያየው ሰው አለ?»

«ማን ይየው? ቀድሜ የደረስኩት እኔ።»

ልትጠይቀው የቀራት አትክልቱ ውስጥ መደብ ያለው ጡረታ የወጣ ሾፌር ነበር። ከሟቿ ጋር በአደባባይ ተጣልቶ «ካሜራሽን ነው የምከሰክስልሽ!» ማለቱን ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ቤቱ ስትገባ መርማሪዋ ቆመች። ግድግዳው በሙሉ የአትክልት ቦታው ፎቶ ነው።

«ተጣልታችሁ አልነበር?»

«በየቀኑ!» አለ ሾፌሩ። «ስኮሳተር ታነሳኛለች፣ ስቆጣ ታነሳኛለች። ከዚያ አጥባ ታመጣልኛለች። ምን ላድርገው፣ ሰቀልኩታ! እኔ ብቻ መሰልኩሽ? የማትሰጠው ሰው የለም፣ የየሰዉን ቤት እዪ።»

ዐይኖቹ ግን እንባ አቅርረው ነበር።

መርማሪዋ ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ይዛ ብዙ ቆየች። «ጋሼ፣ ዛፉን ባለፈው ክረምት የከረከመው ሰው ነበር?»

«ማን ደፍሮ! ከጥላው የተነሳ ቲማቲሜ እንኳ አልቀላልኝም።»

በነጋታው ሁሉንም ዛፉ ሥር ሰበሰበቻቸው። አለቃዋም ፊቱን አጨማዶ መጣ።

«ምን ፀሐይ ላይ አቆመን?» አለ ሰብሳቢው።

«ጥላ የሌለበት ወቅት ስለሆነ ነው» አለች መርማሪዋ፤ አንዱን ፎቶ ወደ ላይ አነሳች። «ይሄ ከማማው ላይ በበጋ የተነሳ ነው። መስኮትዎ ይታያል። ይሄኛው ደግሞ ከዚያው ቦታ፣ በክረምት። መስኮቱን ያሳዩኝ።»

ሰብሳቢው ፎቶውን ተቀበለ። ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ቅጠል ነው።

«በየክረምቱ እንዲሁ ነው፤ የየቤቱን ፎቶ አይቻለሁ። እሷ ከማማው መስኮትዎን ካላየች፣ እርስዎም ከመስኮትዎ ማማውን አያዩም። እኔን ያዩኝ በበጋ ነው። እሷ የሞተችው በክረምት።»

«እንግዲህ ማስረጃሽ ቅጠል ሆኖ ቀረ?» ሰብሳቢው ሊስቅ ሞከረ። «እሺ፣ አላየሁም እንበል። ገምቼ ነው የተናገርኩት።»

«ሻርፑንም ገመቱት?»

ሳቁ ቆመ።

«ሻርፗ ሚስማር ላይ መቅረቱ እውነት ነው። ዘበኛው ግን ማንም ሳይደርስ አውርዶ ፊቷን ሸፈነበት፤ ለማንም አልነገረም። ፖሊስ ያገኘው ፊቷ ላይ ነው። እርስዎ ግን ያንኑ ዕለት፣ ከቢሮዎ ሳይወርዱ፣ ሚስማሩን ጠቅሰው ቃል ሰጡ። ከመስኮት የማይታይን ነገር ያየ ሰው ማማው ላይ ነበር። ከገፏት በኋላ በመሰላሉ ወረዱ፣ ሚሞሪውን አውጥተው ክዳኑን ዘጉ፣ በመጡበት የኋላ በር ተመለሱ። ቤቷን ሰብረው የቀሩትን ፎቶዎች ወሰዱ። በየሰዉ ግድግዳ ላይ መኖራቸውን ግን አላወቁም፤ የሰፈሩ ሰው ቤት ገብተው አያውቁማ።»

አለቃዋ ፊቱን ወደ ሰብሳቢው አዞረ።

«ልገፋት ብዬ አልነበረም» አለ ሰብሳቢው በመጨረሻ። «ካሜራውን ብቻ ነበር የፈለግኩት። አልለቅም አለችኝ።»

«አትለቅማ!» አለች ነርሷ። ድምፅዋ ግቢውን ሞላው። «ምን መስላህ ነበር?»

ካቴና ሲገባለት ሰብሳቢው አንገቱን ቀና አደረገ። «እኔን ብታሳስሩም መሬቱ አይተርፍላችሁም። ስብሰባው ነገ ነው፤ እናንተን የጠራ የለም።»

በማግስቱ የሰፈሩ ሰው ከየግድግዳው ፎቶውን አወረደ። ሾፌሩ የራሱን በደረቱ አቅፎ፣ ዘበኛው በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ ነርሷ ከፊት ሆና የማዘጋጃ ቤቱን ደረጃ ወጡ። አዳራሹ በር ላይ ጸሐፊዋ እጇን ዘረጋች።

«የተጠራው ሰብሳቢው ብቻ ነው።»

«እሱ አይመጣም» አለች ነርሷ።

«እናንተ የምትቀመጡበት ወንበር የለም እኮ።»

«አልጠየቅንም» አለች ነርሷ፤ አልፋት ገባች። በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ፎቶዎቹን በተርታ ዘረጉ፤ በጋውን ከክረምቱ፣ ዘሩን ከፍሬው ጎን። ከዚያ ግድግዳውን ታከው፣ እጃቸውን አጣጥፈው፣ ባለሥልጣኖቹ እስኪገቡ ቆመው ጠበቁ።