ባለ አንድ ወንበር

«አልፈታም አለኝ፣ አባባ። ቡሎኑ ዝጓል» አለች ዩሊየት፣ ከሞተር ሳይክሏ ኋላ እንደተንበረከከች።

አያቷ ዶን አርሴንዮ የፊት መብራቱን ሽቦ እየፈቱ ነበርና ቀና አላሉም። «ዘይት ጠብ አድርጊበትና ተዪው። ነገ ይለቃል።»

ውሸቷን ነበር። ቁልፉን ቡሎኑ ላይ እንኳ አላሳረፈችውም። ስትዋሽ ጆሮዋ ይግላል፤ አሁንም እንደ እሳት ጋለ።

ቡሎኑ የኋላ ተፈናጣጭ እግሩን የሚያሳርፍበትን መርገጫ የሚይዝ ነው። በግራም በቀኝም አንዳንድ መርገጫ አለ፤ የሁለቱም ላስቲክ በዩሊየት ጫማ ተበልቶ አልቋል። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምሮ እናቷ ኦፌሊያ እሁድ እሁድ አፈናጥጣት ከሚኖሩበት ከሲፓኪራ ደጋ ወደ ቆላው ትወስዳት ነበር። መንገዱ በታጠፈ ቁጥር አየሩ ይሞቃል። መጀመሪያ የባሕር ዛፍ ይሸታል፤ እየወረዱ ሲሄዱ ደግሞ የሸንኮራ አገዳ። ኦፌሊያ ልትታጠፍ ስትል የልጇን ጉልበት በክርኗ ነካ ታደርጋለች። «አብረሽኝ አጋድዪ» ማለቷ ነው።

ኦፌሊያ ባሕር ማዶ፣ ሳራጎሳ ከሄደች ሦስት ዓመቷ ነው። እዚያ አረጋውያንን እያስታመመች ትሠራለች። «ለገና እመጣለሁ» ያለችው ሁለት ጊዜ ነው፤ ሁለቱም ገናዎች አለፉ። ይህ ሦስተኛው ነው። ቀይዋ ሞተር ግን ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ፣ ዶሮ እያደረባት፣ የመንገድ ፈቃዷ ተቃጥሎ ቆማለች። ዕድሜዋ ከዩሊየት ይበልጣል።

ሐሳቡን ያመጣችው ራሷ ኦፌሊያ ናት። «ለመንገድ እንግዲህ አትሆንም፤ ለትራክ አድርጓት። ስመጣ ከአክስትሽ ከማርሌኒ ጋር እንፈራረቅባታለን» አለች መስከረም ላይ። ትራኩ፣ የሞተር መሽቀዳደሚያው ሜዳ፣ በወር አንድ ቅዳሜ ለማንም ክፍት ነው። ሽልማት የለም፤ ሁሉም የራሱን ሞተር ይዞ መጥቶ፣ መኪናና እግረኛ በሌለበት አስፋልት ልቡ እስኪጠፋ ይነዳል።

እናም ማፍረሱ ተጀመረ። ፍሬቻ፣ ታርጋ፣ መቆሚያ፣ ጥሩምባ፣ አንድ በአንድ ወለቁ። ዩሊየት ስፖኪዮዎቹን ስትፈታ ጊዜ አልወሰደባትም። አረንጓዴውን የራዲያተር ፈሳሽ ቀድታ በንጹሕ ውሃ ስትተካም አላቅማማችም።

«ያ ነገር አስፋልት ላይ ከፈሰሰ ሳሙና ነው» አሏት አያቷ። «አንቺ ብቻ አትወድቂም፤ ከኋላሽ የሚመጣውንም ሁሉ ታነጥፊዋለሽ።»

የዘይት መዝጊያውን ቡሎን በንዝረት እንዳይፈታ በቀጭኑ በስተው በሽቦ ማሰርም አስተማሯት። ሽቦው ሁልጊዜ ወደ ማጥበቂያው አቅጣጫ መሳብ አለበት። ሦስት ጊዜ ፈትታ አሰረችው፤ በአራተኛው አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከእሳቸው እንዲህ ያለ ምስጋና በዓመት አንዴ ነው የሚገኘው።

መርገጫው ጋ ስትደርስ ግን እጇ እምቢ አለ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አክስቷ ማርሌኒ መጣች። የወተት መኪና ነጂ ናት፤ ማለዳ ከየእርሻው ወተት ሰብስባ ቀትር ላይ ነፃ ትወጣለች። ከጋቢናው ውስጥ ሞተሯ ኋላ ላይ የሚገጠም ቀላል ነጭ የፋይበር ጅራት አወጣች። ባለ አንድ ወንበር ነው።

«ይኸው! ከሰው የተለመነ መሆኑን ማንም አያውቅም» አለችና ሞተሯ ላይ አስቀመጠችው። አልገጠመም፤ የመርገጫዎቹ ማቀፊያ ይገፋዋል። «ይሄ ነገር እስካሁን እዚህ ምን ይሠራል?»

«ዝጓል» አለች ዩሊየት።

«ሙድ እየያዝሽብኝ ነው? ሞተሩን በሙሉ ፈትተሽ አንድ ቡሎን አቃተሽ? አምጪ ቁልፉን።»

«ማርሌኒ» አሉ ዶን አርሴንዮ ረጋ ብለው። «ተዪው። እሱ በእሷ እጅ ነው የሚፈታው።»

ማርሌኒ አንዴ አባቷን፣ አንዴ የእህቷን ልጅ አየች። ከዚያ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «እሺ፤ የሚበላ ነገር አለ?» ብላ ወደ ቤት ገባች።

እሁድ ቀትር ላይ ስልኩ በቪዲዮ ጥሪ ጮኸ። ሳራጎሳ መሽቷል። ኦፌሊያ የሥራ ሹራቧን እንደለበሰች፣ ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ ነበር። ዩሊየት ከፊቷ ብቻ ነገሩን ተረዳችው።

«ለገና አትመጪም።»

«የኔ ልጅ፣ የመኖሪያ ወረቀቴ ገና ነው። አሁን ብወጣ መልሰው አያስገቡኝም። እስከ መጋቢት ብለውኛል።»

«አምናም መጋቢት ብለውሽ ነበር።»

«ብለውኝ ነበር» አለች ኦፌሊያ። አልተከራከረችም።

«ታዲያ ሞተሯን ለምንድነው የምናፈርሳት? ለማን?» የዩሊየት ድምፅ ተሰበረ። «ማንም ላይነዳት!»

«ማርሌኒ ትንዳት። ቅዳሜ ውሰዷትና ድምጿን አሰሙኝ። እኔ ስልክ ውስጥ ያለው ቪዲዮ አሥራ አንድ ሰኮንድ ነው። አውቶቡስ ስጠብቅ እሰማዋለሁ። በቃሌ ይዤዋለሁ። ከሁለት ወደ ሦስት ማርሽ ስትገባ ይቆረጣል።» ኦፌሊያ ሳቅ ለማለት ሞከረች። «ሦስተኛው እንዴት እንደሚጮህ እየጠፋብኝ ነው፣ ዩሊ።»

ዩሊየት ስልኩን ወደ ፊቷ አስጠጋች። እስከዛሬ የሚናፍቀው ሲፓኪራ የቀረው ሰው ብቻ ይመስላት ነበር።

«መርገጫሽን ፈታችሁት?» አለች እናቷ።

«… ዝጓል።»

«እኔም ብሆን ይዝግብኝ ነበር» አለች ኦፌሊያ። «ካልፈለግሽ አትፍቺው። ሸራዋን አልብሳችሁ ተዋት። አልቀየምሽም። አንቺ እንዳልሽ ይሁን።»

ከኦፌሊያ ኋላ የአሮጊት ሴት ድምፅ ተጣራና ስልኩ ተዘጋ።

ዩሊየት ግቢ ወጣች። ዶን አርሴንዮ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው በፓኔላ፣ በአገዳ ጥፍጥፍ ስኳር፣ የጣፈጠ ትኩስ ውሃ ይጠጣሉ። ሸራው በአንድ በኩል ታጥፎ ተቀምጧል፤ በሌላ በኩል ነጩ ጅራት። ሸራውን አነሣችው። አቧራና የዶሮ ላባ ሸተታት። ሞተሯ ሌላ አንድ ዓመት እዚህ ሥር እንደምትቆም፣ ከዚያም ሌላ ዓመት፣ ሲሊንደሯ ውስጥ ውስጡን እየዛገ ተጣብቆ እንደሚቀር አሰበች። ሸራውን መልሳ አስቀመጠችውና አሥራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ አንሥታ ተንበረከከች።

ቡሎኑ በአንድ ጉተታ ለቀቀ። ክሩ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። የቀኙን ከፈታች በኋላ የግራውን ስትጀምር ዓይኗ በእንባ ስለታጠበ በዳሰሳ ነበር የምትሠራው።

«አየሽ፣ ዘይቱ ሠራ» አሉ ዶን አርሴንዮ ከኋላዋ። ዘይት ጠብ ያደረገ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ትራኩ ላይ ነፋሱ ከተራራው ይመጣ ነበር። ፈታሾቹ ጎማና ፍሬን አዩ፤ አንደኛው የታሰረውን ሽቦ በጣቱ መትቶ «ማነው ያሰረው?» አለ። ማርሌኒ በአገጭዋ ዩሊየትን አመለከተች። ሰውየው አውራ ጣቱን አሳያት።

ከዚያ ማርሌኒ ወጣች። ዩሊየት አጥሩን ተደግፋ ስልኳን ዘረጋች። ቀይዋ ሞተር ከመጨረሻው መታጠፊያ ጎንበስ ብላ ወጣችና ቀጥታው ላይ ጮኸች። ሁለት። ሦስት። አራት። ድምፁ አጥሩን አንቀጠቀጠው። ዩሊየት አንድ ሙሉ ዙር እስኪያልቅ ሳታቋርጥ ቀድታ ለእናቷ ላከችው።

መልሱ ጽሑፍ አልነበረም፤ የድምፅ መልእክት ነው። ስትከፍተው መጀመሪያ ሳቅ፣ ከዚያ የአፍንጫ መሳብ ሰማች። ሌላ ነገር የለበትም።

ማርሌኒ ስትመለስ ፊቷ ቀልቶ፣ የራስ ቁሯን ሳታወልቅ ታወራ ነበር። «አቦ! አሮጊቷ ትበራለች! ሁለት ወጣት ወንዶች አልፌ መጣሁ፤ አንዱ እንዲያውም የሰደበኝ ይመስለኛል!»

ዩሊየት ሳቀች። ዓይኗ ግን ከምዝገባው ጠረጴዛ ጀርባ በምትገኘው ትንሿ አስፋልት ላይ ነበር። እኩዮቿ የሆኑ ልጆች በትናንሽ ሞተሮች አንድ አስተማሪ ተከትለው ይዞራሉ። አንዲት ልጅ መታጠፊያው ላይ ለብቻዋ አጋደለች፤ ከፊቷም ከኋላዋም ማንም አልነበረም።

ጠረጴዛው ጋ ሄዳ አንድ ቅጽ ጠየቀች። ለሚቀጥለው ወር ነው። ስሟንና ዕድሜዋን ሞላች። ከታች «የወላጅ ፊርማ» የሚል ባዶ መስመር አለ። ስልኳን አውጥታ እንደ ልማዷ ለእናቷ «መቼ ነው የምትመጪ…» ብላ ጀመረችና አጠፋችው። ቅጹን ፎቶ አንሥታ ላከች።

«እማ፣ ይሄን ፈርሚልኝ» አለች ከሥሩ። ጥቂት አሰበችና ጨመረች፦ «የራስ ቁርሽንም እወስደዋለሁ። ልክ ይሆነኛል።»

መልሱን ሳትጠብቅ ስልኩን ኪሷ ከተተች። አክስቷ ሞተሯን ብቻዋን ወደ መኪናው እየገፋች ስለነበር ከኋላ ሆና ልታግዛት ሮጠች።